ድንጋዮቹን አያፍሏቸው፦ ጅማ ላይ የኮራል አኳሪየም እንደገና ለመጀመር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ጅዳ ይኖሩ በነበረ ጊዜ ስድስት ዓመት የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ ይዘዋል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲበዛባቸው ፈትተው አስቀመጡት። አሁን ጡረታ ወጥተው ጅማ ገብተዋል። 200 ሊትር የሚይዘው የመስታወት ገንዳ፣ አንድ ጆንያ የደረቀ ድንጋይ፣ ሁለት ባልዲ ያልተከፈተ የባሕር ጨው፣ አንድ ፓምፕና ሁለት ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ መብራት ከዕቃቸው ጋር አብሯቸው መጥቷል። «ድንጋዮቹን አፍልቼ ላጽዳቸውና ልጀምር? ጨው ሲያልቅብኝ የአፋር ጨው አይሆንም? እዚህ ብርድ ላይ የትኛው ኮራል ይኖርልኛል?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አይቆይም። ድንጋዮቹን አያፍሏቸው። በከሰልም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ በቤት ውስጥም፣ በግቢም አያፍሏቸው። ድንጋዮቹ ድሮ «ትንንሽ አበባ የሚመስሉ» ኮራሎች ለብሰው እንደነበር ጽፈዋል። እነዚያ ዞአንቲድ ይባላሉ፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባለው ወገን፣ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛሉ። በተፈጥሮ ከሚገኙ መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው። የፈላ ውሃ አያፈርሰውም፤ ስለ ደረቀም ጠፍቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። ድንጋዩ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በተለያዩ አገሮች ድንጋይ ያፈሉ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ትንፋሽ አጥሯቸውና ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል።

መፍትሔው ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛው በረኪና ነው። ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ የጎማ ጓንትና መነጽር አድርገው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይበጥብጡና ድንጋዮቹን ለአንድ ሳምንት ይዘፍዝፏቸው። በደረቁ አይፈግፍጓቸው፤ አቧራው እንደ እንፋሎቱ ያሰጋል። በረኪናው የሞተውን ሥጋ ይበላዋል፣ መርዙንም ያፈርሰዋል። ከዚያ ደጋግመው አጥበው፣ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያስጧቸው። አንዳንዶች ድንጋይ በኮምጣጤ ያጸዳሉ፤ ነገር ግን በረኪናና ኮምጣጤ፣ ወይም በረኪናና ሎሚ፣ በአንድ በርሜል ፈጽሞ አይገናኙ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የረሱትን በአንድ ሳምንት አንብበው ይመልሱታል። እኔን የሚያሰጋኝ የሚያስታውሱት ነው። እጅዎ የለመደው ጅዳን ነው፤ ባሕሩ ደጃፍ ላይ ነው፣ ቤቱ ይግላል፣ ከተማው ከባሕሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌሊቷ ይበርዳል፣ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ከቅርቡ የባሕር ዳርቻም መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ይለይዋታል። ስለዚህ እጅዎ ሳያስብ የሚሠራው ነገር አብዛኛው እዚህ ይገለበጣል።

ከውሃው እንጀምር። ጅዳ ላይ ጀሪካን ይዞ ከባሕሩ መቅዳት ይቻል ነበር፤ እዚህ ባሕሩን ራስዎ ይበጠብጡታል። የአፋር ጨው ለዘመናት አሞሌ ሆኖ የተገበያየንበት፣ ዛሬም ወጣችንን የምናጣፍጥበት የተከበረ ጨው ነው፤ ለኮራል ግን አይሆንም። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 19.4 ግራሙ ክሎራይድ፣ 10.8 ግራሙ ሶዲየም፣ 2.7 ግራሙ ሰልፌት፣ 1.3 ግራሙ ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራሙ ካልሲየም ነው። የገበታ ጨው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይሰጥዎታል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ ማግኒዥየም ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ውሃው ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ይጠብቃል። ለኮራል ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ከመግዛት ሌላ መንገድ የለም።

እነዚያን ሁለት ባልዲዎች ግን አይጣሏቸው። ይክፈቷቸውና በእጅዎ ይዳስሱ። ጨው የባልዲው ዕድሜ አያሳስበውም፤ የሚያበላሸው እርጥበት ነው። እንደ አሸዋ ከፈሰሰ 37 ግራም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡና ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ጠርቶ ካደረና አልካላይኒቲው (ውሃው የያዘው የካርቦኔት መጠን፤ ዲግሪው የሙቀት አይደለም) 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠቀሙበት። እንደ ድንጋይ ከተጋገረና ሲበጠበጥ ነጭ ዝቃጭ ከጣለ፣ ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ አስቀድመው ተዋህደዋል ማለት ነው፤ ያን ጨው ከበረኪናው በኋላ ድንጋዮቹ በበርሜል ለሚቆዩበት ውሃ ያድርጉት። አዲስ ጨው ሲገዙም የጅማን ክረምት ያስቡ፤ የተከፈተ ባልዲ አፉ ካልታሸገ ጨው ሆኖ ሰኔን አይሻገርም።

ገንዳውን መጀመሪያ ለመሙላት 7.4 ኪሎ ጨው ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ አሥር በመቶ፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ከቀየሩ በዓመት 38 ኪሎ ገደማ ነው። ከአንድ ዓሣ በፊት የዚህን ሒሳብ ወጪ ይሥሩ፤ ጨው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ አልቆ መጠበቅ ደግሞ ኮራል የማያውቀው ነገር ነው። ቀይ ባሕር በጅዳ አካባቢ ከአማካዩ ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ ነው፣ በኪሎ 39 ግራም ያህል። እርስዎም ያንን ቁጥር ለምደው ይሆናል። እዚህ በ35 ይያዙት፤ ለኮራሉ ይበቃዋል፣ ለኪስዎም ይቀላል። የሚወዛወዝ ቀስት ያለው የድሮው የጨው መለኪያ፣ ሃይድሮሜትር፣ ካለዎት ለልጅ ልጆች መጫወቻ ይስጡት፤ ሪፍራክቶሜትር ይግዙ፤ ሲያስተካክሉትም በንጹሕ ውሃ ሳይሆን 35 ተብሎ በተዘጋጀ መለኪያ ፈሳሽ ይሁን።

ጨው የሚበጠበጥበት ውሃ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቧንቧ ውሃ በግፊት በስስ ሜምብሬን በሚያሳልፈው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ፣ ከዚያም የቀረውን የሟሟ ነገር በሚይዘው ሬዚን አልፎ፣ በውሃው የሟሟውን መጠን የሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ እስኪያሳይ መጣራት አለበት። የማጣሪያው ሜምብሬን በደንብ የሚሠራው ወደ 4 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው፤ ሰፈርዎ ውሃው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ የመጀመሪያው የደለል ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናልና ትርፍ ይያዙ። ማጣሪያው ለእያንዳንዱ ንጹሕ ሊትር ሦስት አራት ሊትር ያፈስሳል፤ ያን በበርሜል አጠራቅመው ለልብስና ለጓሮ ይጠቀሙበት፣ ምንም አይለውም። ከአኳሪየሙ የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ ግን ወደ ቡናው ግንድ፣ ወደ እንሰቱ፣ ወደ አዌቱ ወንዝም አይድፉት። 20 ሊትሩ 700 ግራም ጨው ይዟል። ሽንት ቤት ይድፉት።

«ጅማ ዝናብ ሞልቶ ማጣሪያ ምን ያደርጋል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። አንድ ክረምት ከቤቴ ጣሪያ የወረደውን ዝናብ አጠራቅሜ፣ የቲዲኤስ መለኪያው 12 ሲያሳየኝ «ከዚህ በላይ ምን ንጹሕ አለ» ብዬ ጨው በጠበጥኩበት። በሦስተኛው ቀን ቀንድ አውጣዎቼ መስታወቱን ለቀው አሸዋው ላይ ተዘርረው አገኘኋቸው። ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዝናብ ጥቂት አሲድነት ስላለው ዚንኩን እያጠበ ይወርዳል፤ አከርካሪ የሌላቸው የባሕር እንስሳት ደግሞ ዚንክንና መዳብን በጥቂቱም አይችሉም። መለኪያው ውሃው ውስጥ የሟሟው ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ የምቀዳው ከተዘረጋ ፕላስቲክ ነው፤ እርሱንም በሬዚን አሳልፌ።

የሚቀጥለው ማንም የማይነግርዎት ነገር ነው፤ የአኳሪየም መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖሩ ነውና። በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጅዳ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችል ነበር፤ ጅማ ላይ ያው ውሃ በ5.5 አካባቢ ይጠግባል። ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ፣ አልጌውም ጭምር፣ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ይሆናል። ስለዚህ ድሮ ስምንት ዓሣ ይዘው ከነበረ አሁን አራት ይበቃዎታል። የፓምፑ አፍ ወደ ውሃው ገጽ ቀና ብሎ ውሃውን ያለማቋረጥ ያናውጠው። ስኪመር፣ ማለትም አየር እየሳበ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ፣ የቆሻሻ ማውጫ ብቻ መስሎ ይታያል፤ እዚህ ግን ዋና ሥራው ማስተንፈስ ነው፣ ለሌሊትም አይጥፋ።

ከኦክስጅን ጋር ቡናን ማንሳት ግድ ነው። የጅማን ሰው ቡና በቤትዎ አያፍሉ የሚል ባለሙያ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በሩ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ፣ አሥር ሰው አቦል ቶና በረካ እስኪል ሲቀመጥ፣ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙ ወደ ውሃው ይገባና ፒኤቹ ከ8.2 ወደ 7.8 ይወርዳል። ኮራሉ በዚያ አይሞትም፣ አጥንት መሥራቱን ግን ያቀዘቅዛል። የዕጣኑ ጢስም በውሃው ገጽ ላይ እንደ ቅባት ይተኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የስኪመሩን የአየር ቱቦ በግድግዳ ወይም በመስኮት አሳልፈው ከውጭ አየር እንዲስብ ያድርጉ። ይህን ያደረገ ሰው ፒኤች ማሻሻያ መግዛቱን ያቆማል።

መብራቶቹን በተመለከተ አዝናለሁ፤ ያኔ ውድ ዕቃ እንደነበሩ አውቃለሁ። አሁን ሥራው በኤልኢዲ ነው፤ ሁለቱ መብራቶችዎ 500 ዋት የሚበሉትን ከ150 ዋት ባነሰ ይሠራል። ነገር ግን እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ጅዳ ላይ እነዚያ መብራቶች ውሃውን እያጋሉ ማቀዝቀዣ አስገዝተውዎት ይሆናል፤ ማሞቂያ የሚባል ነገር አስበው አያውቁም። ኤልኢዲ ውሃ አያሞቅም፣ ጅማም ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብርቱ ነው። እዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግዎትም፣ ይህ የከተማችን በረከት ነው፤ ማሞቂያ ግን የግድ ነው። አንድ ባለ 300 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 150 ይግዙ። አንዱ ቢሞት ሌላው ገንዳውን ከብርድ ይይዘዋል፤ አንዱ ተጣብቆ አልጠፋ ቢል ደግሞ ብቻውን ለማብሰል አቅም የለውም። 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያቁሙት።

በእኛ አገር ኤሌክትሪክን መብራት ብለን መጥራታችን አኳሪየም ላይ ያሳስተናል፤ መብራት ሲጠፋ ኮራሉን የሚቸግረው መብራት አይደለም። ጨለማውን ሁለት ሦስት ቀን ይችለዋል። ብርዱንም ገንዳውን በጋቢ ከጠቀለሉት 200 ሊትር ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። የማይጠብቀው ኦክስጅን ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ዓሦቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። የድሮው ፓምፕዎ በቀጥታ ከግድግዳ የሚሠራ ነው፤ በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ አዲስ ፓምፕ ይግዙና ከባትሪ ጋር ያገናኙት። በዚህ ላይ ገንዘብ ይጥፋ፤ በመብራቱ ላይ ቢቆጥቡ ይሻላል።

ስለ ገንዳው ብዙ አልልም። የማዕዘኑን ሲሊኮን በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ከተላጠ ወይም ከደረቀ የውስጡን ሲሊኮን በሙሉ አንሥተው አዲስ ይቀቡ፣ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይጣበቅምና። ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይግዙ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ለጥ ባለ ቦታ ሞልተው ለሳምንት ይመልከቱት። ድሮ በዚህ ገንዳ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት አክመው ከሆነ ግን ለኮራል አይጠቀሙበት። ሲሞላ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ 300 ኪሎ ይጠጋል፤ ማስቀመጫው ይህን ይቻል። ጅማ ሆኖ የእንጨት ባለሙያ የሚቸግረው ሰው የለም፤ ዋንዛ ያሠሩ፣ የጨው ውሃ ሲረጭበት እንዳይጠጣ በደንብ ያስቀቡት፣ ከመስታወቱ ሥርም ስስ ፎም ያንጥፉ።

በበረኪና የታጠበ ድንጋይ ሕይወት የለውም። ድሮ ከባሕር የወጣው ድንጋይ ባክቴሪያውን ይዞ ስለሚመጣ በሁለት ሳምንት ዓሣ ያስገቡ ነበር፤ ያን ፍጥነት ይርሱት። በተጨማሪም ድንጋዩ ለስድስት ዓመት የዓሣ ምግብ ሲበላ የኖረ ነው፤ ያጠራቀመውን ፎስፌት ቀስ እያለ ይተፋል። በጨለማ በርሜል፣ በጨው ውሃና በትንሽ ፓምፕ ያቆዩት፤ በየሳምንቱ ፎስፌቱን ይለኩ፤ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ውሃውን ይቀይሩ። በዚያው ጊዜ ባክቴሪያውን ማራባት ይቻላል። አውራ ጣት የምታክል የጥሬ ቆሮሶ ዓሣ ቁራጭ ከገበያ ገዝተው በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በርሜሉ ውስጥ ያንጠልጥሉ። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ድንጋዩ ዝግጁ ነው። መለኪያ ፈሳሾቹን አዲስ ይግዙ፤ የ2006ቱ መለኪያ የሚነግርዎት ውሸት ነው።

ሌላው የዘመኑ ለውጥ ይህ ነው። ያኔ ናይትሬትንና ፎስፌትን ዜሮ ማድረስ እንደ ጽድቅ ይቆጠር ነበር፤ እኔም እሰብከው ነበር። ዛሬ ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን እንወዳለን። በዜሮ የተያዘ ኮራል ይገረጣል፤ ከደረቅ ድንጋይ በተነሣ አዲስ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ዲኖፍላጀሌት የሚባል፣ አረፋ የያዘ ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር አሸዋውን ይወርሰዋል። ያን ያየ ሰው ልማዱ ውሃ መቀየርና የበለጠ ማጽዳት ነው፤ ባጸዳ ቁጥር ይብሳል። ቢመጣብዎ ውሃ መቀየሩን ያቁሙ፣ ዓሦቹን ትንሽ ጨምረው ይመግቡ፣ ይታገሡ።

ታዲያ የትኛው ኮራል? በሦስተኛው ወር ለስላሳዎቹን፦ ሳርኮፊተን፣ ዲስኮሶማ፣ ከፈለጉም እንደ እጅ መዳፍ የሚከፈትና የሚዘጋውን ዜንያ። እነዚህ የድንጋይ አጥንት ስለማይገነቡ ሳምንታዊው የውሃ ለውጥ ይበቃቸዋል። ከእነርሱ በፊት በአኳሪየም ውስጥ የተፈለፈሉ ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይግቡ። የድንጋይ አጥንት የሚገነባውን አክሮፖራን ዓመት ሳይሞላ አያስቡት። አልካላይኒቲ ሲወርድብዎ ውድ ጠርሙስ መግዛት የለብዎትም፤ 6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 200 ሊትሩን በአንድ ዲግሪ ያነሣዋል። ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን፤ የግንብ ኖራም አይሞክሩ።

«ኮራሉን ከጅዳ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል» ያሉትን ግን ይተዉት። የድንጋይ ኮራሎች በሙሉ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው፤ ሳዑዲም ኢትዮጵያም አባል ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ለስላሳዎቹም ሆኑ ዓሦቹ ሕይወት ያላቸው እንስሳት ናቸውና ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። በፈቃድ ሲያስመጡ ደግሞ ላኪው ከረጢቱን እስከ አፉ በአየር እንዳይወጥረው ይንገሩት፤ ባሕር ዳር የታሰረ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ያብጣል። ጅማ ሲደርስ የገንዳውን ውሃ ወደ ከረጢቱ በጠብታ እየጨመሩ የማላመዱን የድሮ ዘዴ አያድርጉ። ረጅም መንገድ በተጓዘ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ከረጢቱ ሲከፈት ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ያኔ መርዝ ይሆናል። ሙቀቱን ያመሳስሉ፣ የሚቀበለውን ውሃ ጨዋማነት አስቀድመው ከከረጢቱ ጋር እኩል ያድርጉ፣ ከፍተው ወዲያው ያዛውሯቸው።

በሚቀጥለው ሲጽፉልኝ ሦስት ነገር ይንገሩኝ፦ የቧንቧ ውሃዎ ቲዲኤስ ስንት ነው፣ ገንዳው የሚቀመጥበት ክፍል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ ያሳያል፣ ቡናውስ የሚፈላው የት ነው። የማሞቂያውንና የስኪመሩን መጠን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው በረኪናውን ይግዙ።